የትልቁ ሰው ውዳሴ

በዋርካ ገበያ ከተማ፣ ልጅ አባቱን ሲያርም፣ ሚዜ በሙሽራው ሲያሾፍ፣ ያሠለጠኑት ረዳት ሾፌር መሪውን ይዞ «ጌታው፣ ዞር ይበሉ» ሲል የምትነገር አንዲት አባባል አለች። የሌላ አገር ሰው ሲሰማት ከኖኅ መርከብ የወረደች ትመስለዋለች። የለም። አባባሏ የተወለደችው በወላጆች በዓል ቀን ነው፤ የትውልድ ቦታዋ የከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ አዋላጇም በሕይወት አሉ፣ ምግብ ቤታቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፣ የሚጠራጠር ሄዶ ይጠይቅ። ታሪኳን ሳያውቁ አባባሏን መናገር ግን ጨው የሌለው ወጥ ማቅረብ ነውና፣ ታሪኳ ይቅደም።

መምህር አጥናፍሰገድ በዚያ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። «ያስተምር ነበር» ማለትም ያንስበታል፤ እንግሊዝኛ በእሱ በኩል እንደ ነሐሴ ጎርፍ ያልፍ ነበር። አሥራ አንደኛ ሀ ክፍል ቆሞ ሲናገር፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው የሒሳብ መምህር ቁጥር ይጠፋው ነበር። የዘበኛው ውሻ «ሲት ዳውን» ሲባል የሚቀመጠው ማንም አስተምሮት ሳይሆን በመስኮት እየሰማ ነው፤ ይህን ዘበኛው ራሱ ይመሰክራል።

አጥናፍሰገድ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ስላቅን ማስተማር ነበር። ስለ ስላቅ ሲናገር ዓይኑ ይበራል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ጠመኔውን እንደ ጦር ይሰብቃል።

«ስላቅ ማለት ድንጋይ በጥጥ ጠቅልሎ መወርወር ነው» ይል ነበር። «የተመታው ሰው መጀመሪያ ጥጡን አይቶ ያመሰግናል። እብጠቱን የሚያየው ቤቱ ገብቶ ነው!»

ከዚያም ራሱ ያዘጋጀውን ምሳሌ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ለከተማችን የውሃ ቧንቧ የቀረበ ምስጋና ነው። «ክቡር ቧንቧ ሆይ፤ ትዕግሥትን ስላስተማርከን፣ እኅቶቻችንን ወንዝ ድረስ እያመላለስክ ስላጠነከርክልን፣ ሌሊት ተንጠባጥበህ እንቅልፍ ስላልነሳኸን ምስጋናችን ይድረስህ።»

«እስቲ እንተንትነው!» ይላል። «ማን ነው የሚያመሰግነው?»

ተማሪዎቹ ለመመለስ አየር ሲስቡ፣ «የተጠማ ሰው!» ይላል ራሱ። «ምኑን ነው የሚያመሰግነው?» አንዱ እጁን ትከሻው ድረስ ሲያነሳ፣ «ጉድለቱን!» ይላል። «ድንጋዩስ ማን ላይ ነው ያረፈው? ቧንቧውን ዘርግተው በረሱት ላይ! ገባችሁ?»

«አዎ፣ ቲቸር!»

«አልገባችሁም። እንደገና ልንገራችሁ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አጥናፍሰገድ አንድ ሐዘን ነበረበት። ልጆቹ አይናገሩም። ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ «አዎ ቲቸር» ይላሉ፤ የራሱን ዐረፍተ ነገር ከአፉ የሚያወጣ ግን አንድም የለም። የዝምታቸው ምክንያት ፍርሃት ነው፣ ዐይን አፋርነት ነው፣ የመንደሩ አየር ነው ይላል። ከሁሉም የባሰችው ደግሞ አዝመራ የምትባል፣ ከኋላ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ነበረች። ስም ሲጠራ እንኳ «አቤት» አትልም፤ እርሳሷን ታነሳለች። ድምፅ እንዳላት በሐኪም ማስረጃ ይረጋገጥ ያሉ መምህራን ነበሩ።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አቶ ልሳነወርቅ ቢሯቸው አስጠሩት። አቶ ልሳነወርቅ ከረባታቸው ከሰውነታቸው ጋር የተሰፋ ያህል የተጣበቀባቸው ሰው ናቸው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ንግግር ሲጀምሩ በስተምዕራብ የወደቀው የተማሪዎቹ ጥላ፣ ሲጨርሱ በስተምሥራቅ ይገኝ ነበር።

«መምህር» አሉ፣ «ብሔራዊ ፈተና ላይ ስላቅ አይመጣም። የሚመጣው ቴንስ ነው።»

«ጌታዬ፣ ስላቅ የገባው ልጅ ዓለም ገባው ማለት ነው!»

«የገባው የታለ? እስቲ አንድ ልጅ አሳዩኝ።»

አጥናፍሰገድ ዝም አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለው ያን ቀን ነው የሚሉ አሉ።

«እንግዲያው» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «በወላጆች በዓል አንድ ተማሪ የራሱን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ያንብብ። እርስዎ እየተከተሉ ለወላጆች ይተርጉሙ። ልጁ መማሩ ከታየ እስከ ሰኔ ያስተምሩ፤ ካልታየ ከሰኞ ጀምሮ ቴንስ።»

አጥናፍሰገድ ጽሑፍ አዘዘ። የመጣለት ወረቀት ክምር ቢደረደር ድልድይ ይሠራ ነበር፤ ግን አብዛኛው የራሱን የቧንቧ ምስጋና ወስዶ «ቧንቧ» የሚለውን «መብራት» ያደረገ ነው። ተስፋው ሊቆረጥ ሲል አንዲት በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈች ወረቀት አገኘ። «የትልቁ ሰው ውዳሴ» ትላለች። የአዝመራ ናት።

«በትምህርት ቤታችን አንድ ትልቅ ሰው አሉ» ይላል መጀመሪያው። «ድምፃቸው ከደወሉ ይበልጣል። አፋቸውን ሲከፍቱ ቆርቆሮው ላይ ያሉ እርግቦች ቦታ ይለቃሉ።»

«አቶ ልሳነወርቅ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ደስታው ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ይቺ ድምፅ አልባ ልጅ ድንጋይዋን በጥጥ ጠቅልላ በዳይሬክተሩ ከረባት ላይ አነጣጥራለች!

ሊቀጥል ሲል ግን አንድ ሐሳብ መጣበት። ነገ ዳይሬክተሩ «አስቀድመው አንብበውት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እሱ ደግሞ ብዙ ነገር ያጋንናል እንጂ በሐሰት አይምልም፤ በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ እንደሚፈርስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱን አጠፈ። ቀሪውን ሳያነብ ከተወው «ማርያምን፣ ምን እንዳለበት አላውቅም» ብሎ በንጹሕ ኅሊና መማል ይችላል። ይህን ያህል ብልጠት በአንድ ራስ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ራሱንም ገረመው።

አዝመራን ጠራና ወረቀቷን መለሰላት። «የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ወረቀቷን አየች፤ እሱን አየች። «ቲቸር... እስከ መጨረሻው አነበቡት?»

«መጨረሻውን ከወላጆች ጋር እሰማዋለሁ!»

«ግን እኮ ቲቸር፣ ትልቁ ሰው...»

«ማን እንደሆነማ ገብቶኛል! ፈርተሽ ነው? አትፍሪ! ይቆጣሉ ብለሽ ነው? ይቆጡ! ማንም ይሁን ማን ከተቆጣሽ ፊት ለፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ። ሌላ የምትይው አለ? የለም። ሂጂ ተለማመጂ።»

አዝመራ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት፣ በበር፣ አንዳንዱም በትከሻ ላይ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ደብሪቱ ተቀምጠዋል፤ አጥናፍሰገድን ከቁምጣው ጀምሮ የሚያውቁት፣ ከተማውን በአንድ ግልምጫ ጸጥ የሚያሰኙ ባለ ምግብ ቤት ናቸው። ከጎናቸው አቶ ልሳነወርቅ ከረባታቸውን አጥብቀው ተሰይመዋል። ተማሪዎቹ በቀኝ፣ ወላጆች በግራ።

አዝመራ መድረክ ላይ ወጣች። አጥናፍሰገድ ከአጠገቧ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

ልጅቷ የመጀመሪያውን መስመር በእንግሊዝኛ አነበበች። ድምፅ አላት! ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ያለ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስረዘሙ።

«በትምህርት ቤታችን አንድ ትልቅ ሰው አሉ!» ብሎ አጥናፍሰገድ አስተጋባ። «ትልቅ ስትል እንዲያው ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ተራራ ትልቅ፣ እንደ ጥር ገበያ ትልቅ! ድምፃቸው ከደወል ይበልጣል፤ ከደወልም ከመብረቅም! አፋቸውን ሲከፍቱ እርግብ ይሸሻል፣ አሞራ ይሰደዳል፣ ደመና ይበተናል!»

ወላጆች ሳቁ። ዐይኖች ሁሉ ወደ ከረባቱ ዞሩ። አቶ ልሳነወርቅ ሳል ሳል አላቸው።

«አንተ አጥናፌ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ «ልጅቷ የተጎነጨችው አንዲት ጉንጭ ነው፣ አንተ የምትቀዳው በርሜል። ከየት አመጣኸው?»

«እንግሊዝኛ እምቅ ያለ ቋንቋ ነው፣ እትዬ! ሲፈታ ይሰፋል።»

አዝመራ ቀጠለች። ተማሪዎቹ ትርጉሙን ሳይጠብቁ በሳቅ ፈነዱ። አጥናፍሰገድ ደስ አለው፤ «ገብቷቸዋል!» አለ በልቡ።

«ትልቁ ሰው ለሰው አሳቢ ናቸው!» ብሎ ተረጎመ። «ሰው ሲናገር እንዳይደክመው ዐረፍተ ነገሩን እሳቸው ይጨርሱለታል! የአንተን፣ የአንቺን፣ የሟችንም ኑዛዜ ሳይቀር!»

የጣራው ቆርቆሮ በሳቁ ከምስማሩ ተላቅቆ ተመልሶ ተቀመጠ። አቶ ልሳነወርቅ በመሐረባቸው ግንባራቸውን ጠረጉ። አጥናፍሰገድ እንደዚያች ደቂቃ ተደስቶ አያውቅም።

ልጅቷ ቀጣዩን አነበበች። በተማሪዎቹ በኩል የተነሣው ሳቅ የባሰ ነበር፤ አንዱ ከአግዳሚው ወደቀ።

«ደግሞም ቸር ናቸው!» አለ አጥናፍሰገድ፣ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ። «ጥያቄ ሲጠይቁን፣ እንዳንቸገር ብለው፣ መልሱንም እሳቸው...»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ወደ ተማሪዎቹ አየ። ማንም ዳይሬክተሩን አያይም። ያ ሁሉ ዐይን የሚያየው እሱን ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያይ የነበረው እሱን ነው።

«...ይመልሱልናል» ብሎ ጨረሰ፣ እንደ እሱ ባልሆነ ድምፅ።

አዝመራ ቀና ብላ አየችው። ልታቆም ፈለገች፤ ግን መድረክ ላይ ነች፣ አዳራሹ ይጠብቃታል፣ አንብቢ ያላት ራሱ ነው። ረዘም ያለ አንቀጽ አነበበች። ተማሪዎቹ አሁን አልሳቁም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው መምህራቸውን ያያሉ።

«እ...» አለ አጥናፍሰገድ። «ሰውየው ደግ ሰው ናቸው ትላለች።»

እትዬ ደብሪቱ ከወንበራቸው ወደፊት ተጠጉ። «ምን አልክ?»

«ደግ ናቸው ነው የምትለው።»

«ቅድም ለአንዲት ፍሬ አንድ ጎተራ ስትከፍትልን ነበር። አሁን ልጅቷ አንድ ማሳ አጭዳ አንተ አንድ ዘለላ ታሳየናለህ? የቀረውን የት አደረስከው አጥናፌ?»

ወላጆች ሳቁ። አጥናፍሰገድ ወላጆቹን ቃኘ። በዚያ አዳራሽ በግራ በኩል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አቶ ልሳነወርቅም ላባቸውን ሲጠርጉ እንግሊዝኛውን መከታተል ትተዋል። የፈለገውን ቢል ማን ያውቅበታል? ድንጋዩን አንሥቶ በከረባቱ ላይ መልሶ ሊያሳርፈው ይችላል፤ አንድ ቃል ይበቃል። ክብሩም ይተርፋል፣ ሰኞም ስላቅ ይቀጥላል።

አዝመራን አያት። በዐይኗ ውስጥ ፌዝ ፈልጎ አጣ። ከወንዝ እንስራ ተሸክማ መጥታ፣ በር ላይ ቆማ፣ የሚያወርድላት ሰው እንደምትጠብቅ ልጅ ነበር አስተያየቷ። ስንት ዘመን ሲመኝ የኖረው የራስ ዐረፍተ ነገር ይኸው ከፊቱ ቆሟል። አሁን ቢያጣምመው በገዛ አፉ ሊያፍነው ነው።

ወደ ወላጆች ዞረ።

«ይቅርታ፣ በትክክል አልተረጎምኩም» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምትለው እንዲህ ነው። ትልቁ ሰው ‹ገባችሁ?› ይሉናል። ‹አዎ› ስንል ‹አልገባችሁም› ይሉናል። እንግዲህ በእኛ ራስ ውስጥ ያለውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እኛ ተሸካሚዎች ነን ትላለች።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ! አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ...» ብለው ከጎናቸው ወዳለው ከረባት አየት አደረጉ።

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ። ገና አላለቀም፣ ይስሙ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «ቀጥዪ» አላት።

አዝመራ የመጨረሻውን አነበበች። ድምፅዋ እየሳሳ ሄደ። አጥናፍሰገድ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ፣ ቃል በቃል ተከተላት፦

«መስከረም ላይ ትልቁ ሰው ‹ስላቅ ለምን ይጻፋል?› ብለው ጠየቁን፤ ወዲያውም መለሱት። እኔም መልስ ነበረኝ። እስካሁን አለኝ። ጠዋት ይዤው እመጣለሁ፣ ማታ ይዤው እመለሳለሁ። ከባድ አይደለም። ግን እንደ ወተት እንዳይበላሽብኝ እፈራለሁ።»

ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ዝንብ እንኳ ክንፏን አጥፋ ተቀመጠች።

ዝምታውን የሰበሩት አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ድንጋዩ እሳቸው ላይ አለማረፉን ሲያዩ እንደ አንበሳ ተነሡ። «ይህ መምህርን መዝለፍ ነው! በወላጅ ፊት! አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ወላጅ ሳታመጪ በዚህ በር እንዳትገቢ!»

ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ወላጇ እኔ ነኝ። እዚሁ አለሁ።»

እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። ሰውየው ግን አልሳቀም።

«ልጄ ቤትም አትናገርም» አለ። «እናቷ ካረፈች ወዲህ ‹እሺ› እና ‹እንቢ› ናት። ዛሬ ያለችው ነገር ጥፋት ይሁን ልማት እኔ ቋንቋውን አላውቀውም። ግን ይህን ያህል ስትናገር ሰማኋት። ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን፤ እሷ ትማር።» ብሎ ቆሞ ቀረ፤ ባርኔጣውን እያሽከረከረ።

አቶ ልሳነወርቅ ወደ መድረኩ ዞሩ። «የተዘለፉት እርስዎ ነዎት። ይፍረዱ! ትባረር?»

አዝመራ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት መሬት ታያለች። አጥናፍሰገድ ወደ እሷ ተጠጋ።

«አዝመራ» አለ፣ «ስላቅ ለምን ይጻፋል?»

ልማድ ክፉ ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከጥርሱ ጀርባ ደርሶ ነበር። አጥናፍሰገድ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ያዘው። ጠበቀ። ያ መጠበቅ ረጅም ነበር፤ በዚያ መካከል ላም ታልቦ፣ ወተቱ ረግቶ፣ ቅቤው ገበያ ወጥቶ መሸጥ ይችል ነበር። እጁን ግን ከአፉ ላይ አላነሣም።

«ቲቸር» አለች አዝመራ በመጨረሻ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «የማንወደውን ሰው ዝም እንለዋለን። ስላቅ የምንጽፈው... እንዲሰማን ለምንፈልገው ሰው ነው።»

ብላ አንገቷን አቀረቀረች፤ እርማቱን ለመቀበል።

እርማት አልመጣም። አጥናፍሰገድ እጁን ከአፉ ላይ አወረደ። ዐይኑ ውስጥ የሞላው ነገር አንድ ወንዝ ይበቃ ነበር፤ ግን አላፈሰሰውም።

«ገባኝ» አለ።

ይህቺን ብቻ። ከዚያም ከመድረኩ ወርዶ ተማሪዎቹ መካከል፣ ያ ልጅ የወደቀበት አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ልጆቹ ቦታ ሰጡት። የአዝመራ አባትም ሲያየው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ስላቁ እስከ ሰኔ እንደዘለቀ፣ አሥራ አንደኛ ሀ ክፍልም ከዶሮ ገበያ የባሰ ጫጫታ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሒሳብ መምህሩ ክፍል ለማስቀየር አመልክቶ ነበር። ያ ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት አቶ ልሳነወርቅ ገና ቆመዋል፣ ከረባታቸውም ከእሳቸው ጋር ቆሟል።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ። «እሳቸው ራሳቸው ያስተማሯት ልጅ! ባስተማሯት ጥበብ! በሰው ፊት አቆሰለቻቸው እኮ!»

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ ሹክሹክታው ሁሉ ተቀመጠ።

«አጥናፌ» ብለው ተጣሩ፣ «አሞሃል?»

«አሞኛል፣ እትዬ።»

«ሠርቷል ማለት ነው፤ ጎሽ» አሉና ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «ይቀመጡ እንግዲህ፣ አቶ ልሳነወርቅ፤ የሳለው ስለት ማውጣቱን በማን ሊሞክረው ኖሯል፣ በእኔ ነው በእርስዎ? ቢላ የሳለ ለጣቱ አይሳሳም።»